ግራፊክስ ካርድ በጂቢ አይገዛም

የአዲስ አበባ የኮምፒዩተር ገበያ አንድ ቋሚ ልማድ አለው። ግራፊክስ ካርድ የሚጠይቅ ገዢ ሲመጣ ሻጩም ደላላውም አስቀድመው የሚጠሩት የሚሞሪውን መጠን ነው። ‹‹ሁለት ጂቢ፣ አራት ጂቢ፣ ስምንት ጂቢ›› ይባላል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይቆረጣል። ገዢው የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ይሁን፣ በእንግዳ ማረፊያው ላሉት ቴሌቪዥኖች ሁሉ ከአንድ ሰርቨር ፊልም ለማሰራጨት ያሰበ ባለሀብት ይሁን፣ ወይም ልጁ ኳስ ጌም እንዲጫወትበት የፈለገ አባት ይሁን፣ መልሱ ያው ጂቢ ነው።

ይህ ልማድ በአዲስ አበባ የሚያደርሰው ጉዳት መጠነኛ ነው። ያልሠራለት ሰው በማግስቱ ካርዱን ይዞ ሱቁ ደጃፍ ላይ ይቆማል፣ ይከራከራል፣ ቢያንስ በሌላ ይለውጣል። ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከግሼ ራቤል ወይም ከዓለም ከተማ የመጣ ገዢ ግን ይህ ዕድል የለውም። ዕቃው ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማበርን ተሻግሮ መንዝ ከደረሰ በኋላ ‹‹አይሠራም›› ቢባል፣ የመመለሻው ትራንስፖርት፣ የአልጋው ኪራይና የሚባክነው የሥራ ቀን ከካርዱ ዋጋ ላይ ትልቅ ቁራሽ ይገምጣል። የመርሐቤቴው ነጋዴም ቢሆን የጀማን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ ነው ሸገር የሚደርሰው። ስለዚህ ለደጋው የሚገዛ ካርድ ከመገዛቱ በፊት ሊጠና ይገባዋል።

ገበያውስ አለ ወይ? አለ። በጥር ወርና ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ሳምንታት በሰሜን ሸዋ ከተሞች ለቪዲዮ ቤቶች የሚወርደው ሥራ ቀላል አይደለም። ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ተዝካር አለ፣ የታቦት ንግሥ አለ። ደንበኛው ሥራውን በሦስት ዓይነት ይፈልገዋል፦ ለቤቱ ቴሌቪዥን በፍላሽ፣ ለስልኩ በሚሞሪ፣ ውጭ አገር ላለው ዘመድ ደግሞ በቴሌግራም። ሦስቱም አንድ ዓይነት ፋይል አይቀበሉም። በተጨማሪም በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚዘነጋ አይደለም። ያን ጊዜ ቪዲዮውን ከኢንተርኔት ሳይሆን በቤቱ ካስቀመጠው ዲስክ የሚያይ ሰው ያላንዳች ችግር ማየቱን ቀጥሏል። በቤት ወይም በማረፊያ ውስጥ የራስ ሰርቨር ማቆም የቅንጦት ነገር ነው የሚሉ ወገኖች ይህን ከግምት ያስገቡት አይመስልም።

የሒሳቡ ነገር

በሴኮንድ 50 ሜጋቢት የሚቀዳ ካሜራ የአራት ሰዓት ሠርግ ቢይዝ 90 ጂቢ ገደማ ይወጣዋል። ይህ በቀጥታ ለማንም የሚሰጥ አይደለም። ወደ 4 ሜጋቢት ሲወርድ 7.2 ጂቢ ይሆናል፤ ለቴሌቪዥን ደህና ጥራት ነው። ይሁንና አብዛኛው ፍላሽ ሲገዛ ይዞት የሚመጣው ‹‹ፋት32›› የሚባለው አሠራር ከ4 ጂቢ የሚበልጥ አንድ ፋይል ስለማይቀበል፣ ሥራው ለሁለት ተከፍሎ እያንዳንዱ 3.6 ጂቢ ሆኖ ይገባል። ቴሌግራም ደግሞ ክፍያ ለማይፈጽም ተጠቃሚ ከ2 ጂቢ በላይ አንድ ፋይል አያሳልፍም። አራት ሰዓቱን በአንድ ፋይል ለመላክ የሚፈልግ ወደ 1.1 ሜጋቢት ማውረድ አለበት፤ በዚህ መጠን የቆየው ኤች.264 ምስሉን ያፈራርሰዋል፣ አዲሱ ኤች.265 ግን መጠነኛ በሆነ ስፋት ሊታይ የሚችል ነገር ያወጣል። በአንጻሩ ኤች.265 የተሰጣቸው በርካታ የቆዩ ቴሌቪዥኖች ድምፁን ብቻ ያሰማሉ ወይም ‹‹ፋይሉ አይደገፍም›› ብለው ይቆማሉ። በሙሽራው ቤት የሚነሳው ጭቅጭቅ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነው።

ይህ ከአንዱ ቅርጸት ወደ ሌላው የመገልበጥ ሥራ ትራንስኮዲንግ ይባላል፤ ገበያው ‹‹ኮንቨርት ማድረግ›› ይለዋል። በፕሮሰሰር ብቻ ሊሠራ ይችላል፣ ግን ሰዓታት ይፈጃል። ግራፊክስ ካርድ የሚፈለገው ለማፋጠን ነው። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የጂቢው ጨዋታ ገዢውን የሚያሳስተው።

ኢንኮደር ያለውና የሌለው

ቪዲዮ የሚገለብጠው የካርዱ ክፍል ጌም ከሚያጫውተው ክፍል የተለየ ነው። በቺፑ ላይ ለዚህ ሥራ ብቻ የተቀመጠ ኢንኮደር የሚባል አነስተኛ ክፍል አለ። ኢንቴል ይህን ‹‹ኩዊክ ሲንክ›› ብሎ እ.ኤ.አ. በ2011 በፕሮሰሰሮቹ ውስጥ አስገባ፤ ኤንቪዲያ ‹‹ኤንቬንክ›› ብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 አመጣ። ክፍሉ ካለ ርካሹም ካርድ ይሠራል። ከሌለ ሚሞሪው ምንም ያህል ቢሆን ፋይዳ የለውም።

ምሳሌ መጥቀስ ይቻላል። ጂቲ 1030 በርካሽነቱ ይፈለጋል፤ ኢንኮደር ግን የለውም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጡት የኤኤምዲ አርኤክስ 6400 እና አርኤክስ 6500 ኤክስቲ 4 ጂቢ ሚሞሪ ይዘው፣ አዲስ ትውልድ ተብለው፣ ካርቶናቸው አምሮ ይሸጣሉ። እነዚህም ቪዲዮ የሚገለብጥ ክፍል ተነፍጓቸዋል። በአንጻሩ ኳድሮ ፒ400 የተባለው ጥፍር የምታህል የቢሮ ካርድ 2 ጂቢ ብቻ ይዞ፣ 30 ዋት ብቻ እየበላ ኤች.264ንም ኤች.265ንም ይገለብጣል። በጂቢ የሚመዝን ደላላ 4 ጂቢውን አስወድዶ ለቪዲዮ ቤቱ ይሸጣል፣ ፒ400ን ደግሞ ‹‹ለጌም አይሆንም›› ብሎ መደርደሪያ ላይ ይተወዋል። አስተዋይ ገዢ ይህን ክፍተት ሊጠቀምበት ይችላል።

ከዚያ በላይ ላሉት ካርዶች ጥያቄው ሌላ ነው። ጂቲኤክስ 1650 በገበያው የታወቀ ነው፤ ኢንኮደር አለው፣ ነገር ግን የመጀመሪያው ቅጂ ከወንድሞቹ የቆየ ትውልድ ኢንኮደር ተሰጥቶት ነው የወጣው። ‹‹ሱፐር›› የሚል ቅጥያ ያለው የተሻለውን ይዟል። የኢንቴሉ አርክ ኤ380 እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቶ ኤቪ1 የተባለውን ቅርጸት ጭምር በመገልበጥ ለተራው ገዢ ከቀረቡት ካርዶች ቀዳሚ ነው። ጥሩ ካርድ ነው። ኤቪ1ን አንብቦ የሚያሳይ ቴሌቪዥን በመንዝ ስንት ቤት ይገኛል ብሎ መጠየቅ ግን የገዢው ፈንታ ነው። ያልተጠቀሙበትን ነገር በዶላር መግዛት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀበት ከዚያ ቀን በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። የካርድ ዋጋም አብሮ ወጥቷል።

አንዳንዶች የዋጋውን መወደድ በአገር ውስጥ ኤሌክትሪክ በሚገዙት የቢትኮይን ድርጅቶች ሲያመካኙ ይሰማል። ይህ ስህተት ነው። ቢትኮይን ለዚያ ተግባር ብቻ በተሠራ ማሽን እንጂ በግራፊክስ ካርድ ከተመረተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በካርድ ይመረት የነበረው ኢቴሪየም ሲሆን፣ እሱም በመስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. አሠራሩን ለውጦ ካርድ መጠቀም አቁሟል። ከዚያ ወዲህ ሌት ተቀን ሲሠሩ የቆዩ በርካታ ያገለገሉ ካርዶች ወደ ዓለም ገበያ ፈሰሱ። ‹‹ከውጭ የመጣ፣ ትንሽ የተሠራበት›› የሚባለው ካርድ ከእነዚህ አንዱ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ተገቢ ነው። ማራገቢያው የሚንኳኳ ከሆነ ብዙ ማስረጃ አያስፈልግም።

ካርድ ሳይገዙ ስለመሥራት

በአብዛኛው የደጋ ከተማ ቪዲዮ ቤትና ማረፊያ ካርድ ጭራሽ አያስፈልገውም። ይህን የሚናገር ሻጭ አይገኝም፤ ከሚያተርፍበት ነገር ገዢን የሚመልስ የለምና።

ከቢሮ ወጥተው በብዛት የሚሸጡት ያገለገሉ የዴልና የኤችፒ ኮምፒዩተሮች የኢንቴል ፕሮሰሰር ይዘው ነው የሚመጡት። ከሰባተኛው ትውልድ ጀምሮ ያለው ኮር አይ5 ኤች.264ንም፣ ዘመናዊ ስልኮች የሚቀዱትን ኤች.265ንም በራሱ ይገለብጣል። ስምንተኛው ትውልድ ባለሙሉ ጥራት ቪዲዮ ለአምስትና ከዚያ በላይ ቴሌቪዥኖች በአንድ ጊዜ እየገለበጠ ማቅረብ አይከብደውም። ጥንቃቄ የሚያሻው የፕሮሰሰሩ ቁጥር መጨረሻ ላይ ‹‹ኤፍ›› የምትል ፊደል ካለች ነው፤ እንዲህ ዓይነቱ የምስል ክፍሉ የተዘጋበት ነው፣ ካርድ ካልተጨመረለት ቪዲዮ ሊገለብጥ ቀርቶ ስክሪን አያበራም።

ለነጋዴዎች አንድ ነጥብ አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያለውን ፕሮሰሰር፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በይፋ አይቀበልም። በዚህም ምክንያት ትላልቅ ቢሮዎች የሰባተኛ ትውልድ ኮምፒዩተሮቻቸውን ያወርዳሉ፣ ዋጋቸውም ይለዝባል ተብሎ ይጠበቃል። ለቢሮ ሥራ ያረጀው ይህ ዕቃ ለቪዲዮ ሰርቨር ገና ወጣት ነው። በሊኑክስ ላይ ጄሊፊን የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ጭኖ ማሠራት ይቻላል። ሌላው የታወቀ ሶፍትዌር ፕሌክስ ግን ካርዱን ወይም የፕሮሰሰሩን ኢንኮደር ለመጠቀም ክፍያ የሚጠይቅ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።

ማረፊያ ያለው ባለሀብት ደግሞ ከዚህም በቀለለ መንገድ ሊሄድ ይችላል። አሥራ ሁለት ክፍል አለው እንበል። ፊልሞቹን ሁሉ አንድ ጊዜ፣ በዝግታ፣ ሌሊት ሌሊት ወደ ኤች.264 ገልብጦ ቢያስቀምጥ፣ ቴሌቪዥኖቹ ፋይሉን እንዳለ ይወስዱታል። ሰርቨሩ የሚሠራው ማቀበል ብቻ ነው። አሥራ ሁለቱም ክፍል በአንድ ጊዜ ቢከፍቱ በ4 ሜጋቢት ሒሳብ 48 ሜጋቢት ነው፤ ተራ የ100 ሜጋቢት መስመር ይችለዋል። አንዴ ተሠርቶ ለሚያልቅ ሥራ በየምሽቱ የሚጋል ካርድ መግዛት የገንዘብ ማባከን ነው። በፕሮሰሰር ቀስ ብሎ የተገለበጠ ቪዲዮ በተመሳሳይ መጠን ከካርዱ የተሻለ ጥራት የሚሰጥ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

ካርድ በእርግጥ የሚያስፈልገው በጥር ወር ሠርግ ተደራርቦበት በቀን ሦስትና አራት ሥራ ማስረከብ ያለበት ቪዲዮ ቤት ነው። እሱ ይግዛ። ሲገዛም መጀመሪያ የኮምፒዩተሩን ሳጥን ይክፈት። የቢሮ ኮምፒዩተሮች ፓወር ሰፕላይ ብዙውን ጊዜ ከ180 እስከ 260 ዋት ነው፤ ለካርድ የሚሆን ትርፍ ገመድም የላቸውም። በመሆኑም ከማስገቢያው ብቻ ኃይል የሚወስድ፣ ከ75 ዋት ያልበለጠ ካርድ ካልሆነ አይሠራም። ቀጭኑ ሳጥን ደግሞ ቁመቱ አጭር የሆነ ካርድ ይፈልጋል። ይህን ሳይለካ ትልቅ ካርድ ተሸክሞ መንዝ የገባ ሰው ቀጥሎ ፓወር ሰፕላይ፣ ከዚያም ሳጥን ፍለጋ ይወጣል።

ከፍታው

መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። የጓሳ ሣር የሚበቅልበት አገር ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። የካርድ ማራገቢያ ሙቀት የሚያወጣው በአየር ነውና፣ አየር ሲሳሳ ያው ማራገቢያ ያው ፍጥነት ላይ ሆኖ የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ‹‹መንዝ ብርድ ነው፣ ምን ያሞቀዋል›› የሚል መልስ ከሻጮች መስማት የተለመደ ነው። በከፊል እውነት አለው፤ ውርጩ ያግዛል። ነገር ግን ሥራ የሚበዛው በሩ ተዘግቶ፣ ሰው ተጨናንቆ፣ ኮምፒዩተሩ ከብርድና ከአቧራ ይጠበቅ ተብሎ በጨርቅ ተሸፍኖ ባለበት ክፍል ውስጥ ነው። 30 ዋት የምትበላ ካርድ እዚህ ትኖራለች፤ 200 ዋት የሚበላው የጌም ካርድ ግን ማራገቢያውን እያስጮኸ ራሱን ያቀዘቅዛል፣ ማለትም ሥራውን ያዘገማል።

ከካርዱ ይልቅ የሚያሰጋው ሃርድ ዲስኩ ነው። በዲስክ ውስጥ ያለው የማንበቢያ ጭንቅላት ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ንጣፍ ላይ ነው። በዚህም ምክንያት ታዋቂ አምራቾች ለበርካታ ዲስኮቻቸው 3,048 ሜትርን የሥራ ከፍታ ጣሪያ አድርገው ጽፈዋል። መሐል ሜዳ ጣሪያው ላይ ናት። ይህ ማለት ዲስኩ በማግስቱ ይሞታል ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ዓመታት ይሠራሉ። የአንድን ቤተሰብ የሠርግ ቪዲዮ ብቸኛ ቅጂ በእንዲህ ዓይነት ዲስክ አስቀምጦ መተኛት ግን ደፋርነት ነው። ተሽከርካሪ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ይህ ገደብ አይመለከተውም። ስለዚህ ለትልቅ ካርድ ሊወጣ የነበረው ብር በኤስኤስዲና በሁለተኛ መጠባበቂያ ዲስክ ላይ ቢውል ለንግዱ ይበጃል። ካርድ ቢቃጠል ሌላ ይገዛል፤ የጠፋ ሠርግ ግን ዳግመኛ አይደገስም፣ ደንበኛውም ይህን ለአገር ምድሩ ይናገራል።

የኤሌክትሪኩን ነገር የደጋ ነጋዴ ከማንም በላይ ያውቀዋል። 75 ዋት ካርድ አሥር ሰዓት ቢሠራ ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት በታች ነው፤ የፍጆታው ክፍያ አያሳስብም። ኪሳራ የሚያመጣው መብራቱ ሄዶ ሲመለስ ያለው ምት ነው። ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ ያልገዛ ሰው ስለ ካርድ ምርጫ ባይጨነቅ ይሻለዋል።

በሰርቨሩ ላይ ስለሚጫነውም ነገር ባለሀብቶች ሊያስቡበት ይገባል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሰው ለግል ጥቅሙ የታተመ ሥራን በአንድ ቅጂ ቢያባዛ አይከለክለውም። ለእንግዳ እያሳዩ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ወይም በየሚሞሪው ፊልም እየጫኑ መሸጥ ግን በዚህ አይሸፈንም። ፊልም በመጫን ላይ ብቻ የቆመ ንግድ ዛሬ ቢያበላም፣ በብድር ለሚገዛ ካርድ መተማመኛ ሊሆን አይችልም። የሠርጉና የክርስትናው ሥራ ግን ባለቤት ያለው፣ ውል የሚጻፍበት ሥራ ነው።

ዕዳው የሚወድቅበትን ለይቶ ማወቅም ያስፈልጋል። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2025 ጂቲኤክስ 1050ን፣ ኳድሮ ፒ400ንና የትውልድ ጓዶቻቸውን ከመደበኛው የድራይቨር እድሳት ማስወጣቱን አስታውቋል። ካርዶቹ መሥራታቸውን አያቆሙም፤ ለሚሠራባቸው ሰው ብዙ የሚለወጥ ነገር የለም። መልሶ ለመሸጥ ብሎ በብዛት የሚያከማች ነጋዴ ግን መሸጫቸው እየወረደ ስለሚሄድ ክምችቱን ቢያሳንስ ይመረጣል። በሌላ በኩል ኤንቪዲያ በጂፎርስ ካርዶች በአንድ ጊዜ የሚገለበጡትን ቪዲዮዎች ቁጥር ቀድሞ በሁለት ወስኖት የነበረ ሲሆን፣ በድራይቨር እድሳት እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ ሦስት፣ በ2023 ወደ አምስት፣ በ2024 ወደ ስምንት ከፍ አድርጎታል። ‹‹ይህ ካርድ ከሁለት ቲቪ በላይ አይችልም›› እየተባለ የሚራከስበትን ሻጭ ይህን አስታውሶ መከራከር ይቻላል።

የሐሰት ካርድ ጉዳይ በመጨረሻ የሚነሳ ቢሆንም ቀላል አይደለም። ያረጀና ደካማ ካርድ ውስጣዊ ስሙ ተቀይሮ ‹‹ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ›› ተብሎ የሚሸጥበት አሠራር በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። ኮምፒዩተሩ ራሱ ስሙን አምኖ ያሳያል። ጂፒዩ-ዚ የተባለው አነስተኛ ነፃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ እንዲህ ዓይነቱን ካርድ ‹‹ሐሰተኛ›› ብሎ ይጠቁማል። ፕሮግራሙ በፍላሽ ይያዛል። ከእሱም ጋር በራስ ካሜራ የተቀዳ የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ ይያዝ፤ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ በካርዱ ይገልበጥ። ኢንኮደር ያለው ካርድ ሥራውን ሻይ ሳይጠጣ ይጨርሳል። የሌለው ምርጫውን ጭራሽ አያሳይም። ይህን ሙከራ የማይፈቅድ ሱቅ ካጋጠመ ከጎኑ ሌላ ሱቅ አለ።